መርከብ ወደብ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰካው ለምንድን ነው?

እንደ ሮተርዳም ባሉ ትልልቅ የአውሮፓ ወደቦች፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ2030 መጀመሪያ አንስቶ ከየብስ ኤሌክትሪክ እንዲወስዱ ይገደዳሉ። ይህን ሲሰሙ መርከቡ ባትሪ ሞልቶ በኤሌክትሪክ የሚጓዝ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ሌላ ነው።

መርከብ ሲቆም ዋናው ሞተር ይጠፋል። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ ወጥ ቤቱ፣ በተለይ ደግሞ ሥጋና ፍራፍሬ የያዙት ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ግን ኃይል ይፈልጋሉ። ይህን ኃይል የሚያመነጩት በነዳጅ የሚሠሩ ረዳት ጄኔሬተሮች ናቸው፤ ጭሳቸውን የሚተነፍሰውም ከወደቡ አጥር ማዶ የሚኖረው ሰው ነው። ደንቡ የሚያስጠፋው እነሱን ነው። (ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የመነጨ ከሆነ ግን ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም።)

ግዴታው ለጊዜው ከ5,000 ጠቅላላ ቶኔጅ (ክብደትን ሳይሆን የመርከቡን የውስጥ ይዘት የሚያሳይ መለኪያ) በላይ የሆኑ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦችን ብቻ ይመለከታል። ከሁለት ሰዓት በታች የሚቆም አይጠየቅም፤ ወደብ ላይ ከልቀት ነፃ የሆነ የራሱ ቴክኖሎጂ ያለውም እንዲሁ።

ቅጣቱ እንዲህ ይሰላል፦ 1.5 ዩሮ፣ መርከቡ ቆሞ በሚፈልገው ኪሎዋት፣ ሳይሰካ በቆየበት ሰዓት ይባዛል። 2,000 ኪሎዋት የሚፈልግ መርከብ 20 ሰዓት ሳይሰካ ቢቆይ 60,000 ዩሮ ይከፍላል። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በእኔ እይታ ከባዱ ሸክም ግን በወደቡ ላይ ነው። የአውሮፓ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ሲሆን ብዙዎቹ ትልልቅ መርከቦች የሚሠሩት በ60 ነው። ስለዚህ ገመድ መዘርጋት ብቻ አይበቃም፤ 50ውን ወደ 60 የሚለውጥ መቀየሪያ ጣቢያም መገንባት አለበት።