ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ፦ «የሴት» የሚለውን ቅጽል ያስጣለች የቼዝ ሻምፒዮን

ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ ከ1962 እስከ 1978 የሴቶች የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ነበረች። በቼዝ ትልቁ የሆነውን «ግራንድማስተር» የሚለውን ማዕረግ «የሴት» የሚል ቅጽል ሳይለጠፍበት በመቀበልም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። (ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተወለደችው በምዕራብ ጆርጂያ፣ ዙግዲዲ በምትባል ከተማ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 1933 ነው። ቀኑ ለወሎ ሰው ባዳ አይደለም። ደሴ ከጣሊያን እጅ በወጣች በሳምንቱ መሆኑ ነው። አምባሰል ውስጥ የውጫሌ ውል የተፈረመውም ከዚያ 52 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሚያዝያ 25 ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ደሴ ላይ ቼዝ የማስተምራቸው ልጆች ግን የልደት ቀኗን በቃላቸው የያዙት በዚህ ሰበብ ነው።

ጆርጂያ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለች ትንሽ አገር ናት። በጥንት ጊዜ አንዲት ጆርጂያዊት ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ከምትይዛቸው ዕቃዎች አንዱ የቼዝ ገበታ ነበር ይባላል፤ እኛ ዘንድ መሶቧንና ሰፌዷን እንደምትይዘው መሆኑ ነው። ወጉ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ማንም ቆጥሮ ባያስቀምጠውም፣ ሴት ልጅ ገበታው ፊት ብትቀመጥ እዚያ ነውር እንዳልነበር ያሳያል።

ወሎና ሰንጠረዥ

እዚህ ላይ ከኖና ትንሽ ወጣ ልበል፤ ነገሩ ለእኛም ባዕድ ስላልሆነ። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ወረቀት ላይ የተሰመረ መደብና ረድፍ ነው። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነው፤ ዓረቦች «ሸጠረንጅ» ከሚሉት ጋር አንድ ዘር ነው። ጨዋታው በመኳንንቱ ግቢ የተለመደ ነበር። የየጁው ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር ሆነው በሚገዙበት ዘመን በ1848 የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ የተሾመው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ አጨዋወቱ በዝርዝር ጽፏል። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ሌላ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጉዳይ ያሳዩትን ጽናት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ብዙም አያስደንቀውም።

ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በላዩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ 64 ቤት ይወጣለታል። ቤቶቹ እንደ ዛሬው አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር እየተባሉ አይለዩም። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ ይጠረባሉ። ስማቸው ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ነው። መደቅ ዛሬ ወታደር የምንለው ነው፤ ደር የዳሩ ግንብ ነው። ፊል ዝሆን ማለት ሲሆን በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘልላል።

የሰንጠረዥ አጀማመር በሌላ አገር ቼዝ የሌለ ነው። ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሰልፉን ይለዋውጣል፤ ደፋሩ መጀመሪያ ሲበላ ብቻ ተራ መጠበቅ ይጀመራል። አገዳደሉም ወግ ነበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ጨዋ አሸናፊነት አይቆጠርም፤ በፊልና በፈርዝ ተረዳድቶ መግደል ያስመሰግናል፤ በመደቅ የገደለ ደግሞ እጅግ ይደነቃል።

ፈርዝን ልብ በሉት። በዛሬው ቼዝ ንግሥቲቱ የቆመችበት ቦታ የእሱ ነው። ፈርዝ የንጉሥ አማካሪ ነው፣ ወንድ ነው፣ አቅሙም አንድ ቤት በሰያፍ ብቻ መሄድ ነው። አውሮፓውያን ይህን ደካማ ጠጠር ንግሥት ካሉት በኋላ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በሁሉም አቅጣጫ የፈለገችውን ያህል እንድትሄድ ፈቀዱላት። ገበታው ላይ ኃይለኛዋ እሷ ሆነች። ገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ወንዶች ሆነው ቀሩ።

ወደ ዘውዱ

የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1927 ለንደን ላይ ሲሆን የመጀመሪያዋ ባለ ዘውድ ሞስኮ የተወለደችው ቬራ ሜንቺክ ነበረች። ሜንቺክ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ማክስ ዩወን ሳይቀር ያሸነፈች ጎበዝ ነበረች። በ1944 ለንደን ውስጥ የጀርመን ቦምብ ቤቷ ላይ ወድቆ እስክትሞት ድረስ ዘውዱን የነጠቃት የለም። ከእሷ ሞት በኋላ ክፍት የቆየው ወንበር በ1950 ወደ ሶቪየት ተጫዋቾች ገባ፤ አርባ ዓመትም ከእነሱ አልወጣም።

ኖና አምስት ወንድሞች ካሉበት ቤት አንዲት ሴት ልጅ ሆና ነው ያደገችው። ቼዝ የለመደችው በአምስት ዓመቷ፣ ከወንድሞቿ ጋር ነው። ገና ልጅ ሳለች ወደ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ሄዳ በአሠልጣኝ ቫኽታንግ ካርሴላድዜ እጅ ገባች። በ1961 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቭርኒያችካ ባንያ በተካሄደው የተፎካካሪዎች ውድድር አንደኛ ወጣችና ሻምፒዮኗን ኤሊሳቬታ ቢኮቫን ለመግጠም በቃች።

የ1962ቱ የሞስኮ ግጥሚያ ግጥሚያ ለመባልም ያጠራጥራል። ቢኮቫ ዘውዱን አንድ ጊዜ አጥታ መልሳ የወሰደች፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋች አንጋፋ ነበረች። የ21 ዓመቷ ኖና ሰባት ጊዜ አሸነፈች፣ አራት ጊዜ አቻ ወጣች፣ አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም። አቻ ግማሽ ነጥብ ስለሆነ ውጤቱ 9 ለ 2።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት የአላ ኩሽኒር ናቸው ማለት ይቻላል። ኩሽኒር ሦስት ጊዜ ተፈታታኝ ሆና መጣች። በ1965ና በ1969 ሁለቱም ጊዜ 8.5 ለ 4.5 ተሸነፈች። በ1972 ሪጋ ላይ ግን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 16ኛው ጨዋታ ተናንቃ 8.5 ለ 7.5 ብቻ ነው ኖና ያመለጠቻት። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩሽኒር ወደ እስራኤል ተሰደደች፤ በ1976 የሶቪየት ቡድን ባልተገኘበት የሃይፋ የቼዝ ኦሊምፒያድም (አገሮች በቡድን የሚገጥሙበት ውድድር ነው) ለአዲሲቱ አገሯ ወርቅ አስገኘች። በ1975 የኖና ተጋጣሚ የአገሯ ልጅ ናና አሌክሳንድሪያ ነበረች፤ 8.5 ለ 3.5 አለቀ።

ከወንዶች ጋር

ብዙ ጽሑፍ የኖናን ነገር በአሥራ ስድስቱ የዘውድ ዓመታት ይጀምርና እዚያው ይጨርሰዋል። እኔ ትልቁን ሥራዋን የማየው ከዘውዱ ውጭ ነው። ዘውዱ የሴቶች ነው፤ በየሦስት ዓመቱ አንዲት ሴት መርታት ነው። ኖና ግን በመካከሉ ባሉት ዓመታት ወንዶች በሞሉባቸው ውድድሮች እየገባች ትጫወት ነበር። ከ1963 ወደ 1964 መሸጋገሪያ ላይ በእንግሊዟ ሄስቲንግስ ከተማ የሁለተኛውን ደረጃ ውድድር አሸነፈች። ይህ በሚቀጥለው ዓመት ዋናውን ውድድር የመጫወት መብት ሰጣትና እዚያም አምስተኛ ወጣች።

ከሁሉም የሚበልጠው የ1977ቱ ነው። ሎን ፓይን በካሊፎርኒያ ተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በየዓመቱ ብርቱ ግራንድማስተሮች የሚጎርፉባት ቦታ ነበረች። ኖና ከዘጠኝ ጨዋታ 6.5 ነጥብ ይዛ ከዩሪ ባላሾቭ፣ ከኦስካር ፓኖና ከድራጉቲን ሳሆቪች ጋር አንደኝነቱን ተጋራች። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን የግራንድማስተርነት ማዕረግ ሰጣት። ደንቡ በሚጠይቀው የጨዋታ ብዛት ላይ ጥቂት ጎድሎባት ነበር፤ የሎን ፓይኑ ውጤት ጥራት ጉድለቱን ሸፈነው። በዚህ የተነሳ ማዕረጉ በችሮታ እንደተሰጣት የሚያስመስሉ አሉ። የችሮታ ማዕረግ ግን ከሦስት ወንዶች ጋር አንደኝነት ተካፍሎ አይገኝም።

የማዕረጉ ነገር ለጀማሪ አንባቢ ግልጽ ላይሆን ይችላል። «የሴት ግራንድማስተር» የሚባል ሌላ ማዕረግ አለ፤ የወጣው በ1976 ነው። እሱን ለማግኘት የሚጠየቀው የብቃት ነጥብ 2300 ሲሆን ለግራንድማስተር የሚጠየቀው 2500 ነው። የመጀመሪያው ለሴቶች ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለማንም ነው። ከኖና ወዲህ ይህን ሁለተኛውን ያገኙ ሴቶች በዓለም ዙሪያ ከ40 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሀንጋሪያዊቷ ዩዲት ፖልጋር በሴቶች ሻምፒዮና ለዘውዱ ሳትወዳደር፣ ከወንዶቹ ጋር እየተጫወተች ከዓለም ስምንተኛ ደረጃ ደርሳለች፤ በ2002 ጋሪ ካስፓሮቭንም አሸንፋዋለች።

ዘውዱ ሲወርድ

ማዕረጉና ሽንፈቱ በአንድ ዓመት መጡ። በ1978 ፒትሱንዳ ላይ የ17 ዓመቷ ማያ ቺቡርዳኒድዜ ኖናን 8.5 ለ 6.5 ረታቻት። ማያም ጆርጂያዊት ናት፤ ኖናን እያየ ካደገው ትውልድ ነች። ትብሊሲ ውስጥ በኖና ስም የተሰየመ የቼዝ አዳራሽ በቆመበት ዘመን የሶቪየት ኅብረት የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አራቱም ተሰላፊዎች ጆርጂያውያን የሆኑበት ጊዜ ነበር።

ኖና ዘውዱን አጣች እንጂ ገበታውን አልተወችም። በ1981ና በ1985 የሶቪየት ሻምፒዮን ሆነች። በ1986 ዱባይ ኦሊምፒያድ ላይ አሥር ጨዋታ ተጫውታ አሥሩንም አሸነፈች፤ 45 ዓመቷ ነበር። በ1992 ማኒላ ላይ ደግሞ ነፃ የወጣችው ጆርጂያ በራሷ ባንዲራ ስትሰለፍ የወርቅ ሜዳሊያ ካመጡት አንዷ ሆነች። የአገሯ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንትም ነበረች።

በስተርጅና ያጋጠማት ክርክር ከዚሁ ከወንዶቹ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። በ2020 ኔትፍሊክስ ባሳየው ስለ አንዲት አሜሪካዊት ቼዝ ተጫዋች በተሠራ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ ታሪኩ 1968 ሞስኮ ውስጥ ሲደርስ፣ ስለ ኖና «የሴቶች ሻምፒዮን ናት፣ ከወንዶች ጋር ገጥማ አታውቅም» የሚል ቃል ይሰማል። ኖና በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሰች። እስከተባለው ዓመት ድረስ ቢያንስ 59 ወንዶችን መግጠሟን የክሱ ጽሑፍ ይዘረዝራል፤ ከነዚህ 28ቱን በአንድ ቀን በአንድ ጊዜ። የሚያስቀው፣ ድራማው የተወሰደበት የ1983ቱ ልቦለድ ነገሩን የጻፈው በተቃራኒው ነበር፤ ኖና እነዚያን የሶቪየት ግራንድማስተሮች ብዙ ጊዜ ገጥማለች ነው የሚለው። ዳኛዋ ክሱ ውድቅ እንዲሆን የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ በ2022 ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱ።

ቅዳሜ ደሴ ላይ

ደሴ ውስጥ በየሰፈሩ ጥላ ሥር ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች አይጠፉም፤ ካርቶን ላይ የተሰመረ ገበታ፣ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ፤ አንዱ በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ተገልብጦ። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ አሠልጣኝ ነው። ሴት ልጅ ግን እዚያ መካከል ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። ቼዝ የምናስተምርበት ክፍል ለዚህ ይጠቅማል፤ በር አለው።

ክረምት ላይ የጦሳ ጉም እስከ መስኮቱ ሲወርድ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በር ከፍተን እንጫወታለን። ካሉን ገበታዎች የአንዱ ጥቁር ግንብ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ በምትኩ ቆርኪ ቆሟል። ልጆቹ ቆርኪውን «ደር» ነው የሚሉት፤ የድሮውን ስም ነግሬያቸው ነው። ሲደክማቸው ወረራ እንጫወት ይላሉ፤ ተራ ሳይጠብቁ ጦር ማሰለፉ ከሁሉም ይበልጥባቸዋል፣ ጩኸቱም እንደዚያው።

አምና አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ስም በየፊናው በሁለት ወረቀት ጽፌ ስለጥፍ አየችኝና «ጋሼ፣ ኖና የትኛው ላይ ነበረች?» አለችኝ። ሁለቱም ላይ አልኳት። ጥቂት አሰበችና እስክሪብቶዬን ተቀብላ ስሟን በወንዶቹ ወረቀት ግርጌ ጨመረች፤ ከሴቶቹም አልሰረዘችም። በዚያ ሳምንት በሁለቱም ተጫወተች። በወንዶቹ በኩል ሁለቱን ተሸንፋ አንዱን አሸነፈች፤ ያሸነፈችውም በቆርኪው ደር ነበር።

ኖና እስካሁን የአረጋውያንን የዓለም ሻምፒዮና ደጋግማ አሸንፋለች። በ2022 ጣሊያን ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ምድብ ስታሸንፍ 81 ዓመቷ ነበር።