ስለ ዳፍኒያ የ48 ሰዓት ፍተሻ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለቢሮ፣ ለሆቴል ወይም ለሆስፒታል የጽዳት ኬሚካል የሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋር የደህንነት መረጃ ሰነድ ሊቀበል ይገባል። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት። ክፍል 12 ስለ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ «ዳፍኒያ ማግና፣ ኢሲ50፣ 48 ሰዓት» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑም አንድ ቁጥር። ዳፍኒያ «የውሃ ቁንጫ» የምትባል ትንሽ የውሃ ፍጥረት ናት። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ከሚያነቡትም ውስጥ ብዙዎቹ አጣመው ይረዱታል።

ይህ መስመር እንዲህ ችላ መባሉ ያሳዝነኛል። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ወደ ቦይ የሚደፋ ነገር ሩቅ አይሄድም። የአዲስ አበባ ወንዞች ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ መሀል ከተማውን ሰንጥቀው ነው የሚያልፉት። ውሃቸው አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በመንገዱ ላይ ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ ጎመን የሚያጠጣ ገበሬ አለ።

ፍተሻው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ዳፍኒያዎች ኬሚካሉ በተለያየ መጠን በተበጠበጠባቸው ብርጭቆዎች ውስጥ ይገባሉ። ቢያንስ አምስት የመጠን ደረጃዎች ይዘጋጃሉ። በየደረጃው ቢያንስ 20 ዳፍኒያ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት ሆነው በአራት ብርጭቆ ይከፈላሉ። ኬሚካል የሌለበት ማነጻጸሪያም ይቀመጣል። በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት ይታያሉ። ከዚያ ግማሾቹን ከመዋኘት የሚያግደው መጠን ይሰላል፤ ኢሲ50 የሚባለው እሱ ነው። አሠራሩ የተጻፈው በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ኦኢሲዲ፣ መመሪያ ቁጥር 202 ነው። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቶ በ2004 ተሻሽሏል።

«የውሃ ቁንጫ ተባይ ናት፣ ብታልቅ ምን ይጎድላል?»

ዳፍኒያ አትናከስም፣ ደም አትመጥም። ነፍሳትም አይደለችም፤ የሽሪምፕና የሸርጣን ዘመድ ናት። ትልቋ ዝርያ ዳፍኒያ ማግና ስታድግ ርዝመቷ እስከ 5 ሚሊሜትር ይደርሳል። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን አልጌ እያጣራች ትበላለች፤ እሷን ደግሞ ዓሣ ይበላታል። የዳፍኒያ ዝርያዎች በጣና ሐይቅም ይገኛሉ። እነሱ ሲጠፉ አልጌው በላተኛ ያጣል፣ ዓሣውም ምግብ ያጣል።

«የሚቆጠሩት የሞቱት ናቸው»

አይደለም። የሚቆጠሩት መዋኘት ያቆሙት ናቸው። ብርጭቆው ቀስ ተደርጎ ይነቀነቃል፣ ከዚያ 15 ሰከንድ ይጠበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መዋኘት ያልቻለች ዳፍኒያ እንደተጎዳች ትመዘገባለች። ቀንዷን ማንቀሳቀስ ብትችል እንኳ ካልዋኘች ተጎድታለች። እንዲህ ባለች ትንሽ ፍጥረት ላይ ሞትን በእርግጠኝነት መለየት ከባድ ነው፤ መዋኘትን ግን ማንም ማየት ይችላል። ደግሞም ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ያቃታት ዳፍኒያ ወይ ወደ ታች ትሰምጣለች ወይ ትበላለች። «ገና አልሞተችም» የሚለው ክርክር እዚያ ዋጋ የለውም።

«ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ መርዙ ከባድ ነው፤ ከኢሲ50 በታች ከሆነ ደግሞ ችግር የለም»

እነዚህ ሁለት ስህተቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሱትም እነሱ ይመስሉኛል።

የመጀመሪያው በቀላሉ ይስተካከላል። ኢሲ50 ግማሾቹን ለመጉዳት ስንት ኬሚካል እንደሚያስፈልግ ነው የሚናገረው። ትንሽ ከበቃ መርዙ ብርቱ ነው። ስለዚህ 0.5 ሚሊግራም በሊትር የተጻፈበት ዕቃ 50 ከተጻፈበት በ100 እጥፍ ይበረታል። በዓለም አቀፉ የኬሚካሎች ምደባ ሥርዓት፣ ለአጭር ጊዜ ጉዳት፣ 1 ሚሊግራም በሊትርና ከዚያ በታች የመጀመሪያውና ከባዱ ምድብ ነው። ከ1 እስከ 10 ሁለተኛው፣ ከ10 እስከ 100 ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ምድብ ያለ ዕቃ ማሸጊያው ላይ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ያለበት ምልክት ይለጠፍበታል። 1 ሚሊግራም በሊትር ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ 1,000 ሊትር በሚይዝ ሙሉ ሮቶ ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያሳስባል። ኢሲ50 «እስከዚህ ድረስ ይፈቀዳል» የሚል አጥር አይደለም። በዚያ መጠን ላይ ከ20ዎቹ 10ሩ መዋኘት አቁመዋል። ግማሹ የተጎዳበትን ነጥብ እንዴት ደህና እንላለን? ከዚያ በታችም ጉዳት አለ፤ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው መጠኑ ሲቀንስ ጉዳቱ እንዴት እንደሚቀንስ ሲታይ ነው። አንዳንድ ኬሚካል መጠኑ ትንሽ ሲቀንስ ጉዳቱ ወዲያው ይጠፋል። ሌላው መጠኑ በብዙ ቢቀንስም አንዳንዶቹን መጉዳቱን አይተውም። ሁለቱ ግን ተመሳሳይ ኢሲ50 ሊኖራቸው ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ሪፖርት አንድ ቁጥር ብቻ የማይሰጠው፤ በየደረጃው ስንት እንደተጎዱ በሰንጠረዥ ያሳያል።

በአውሮፓ የኬሚካል ምዘና ላይ የሚደረገው ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በእጅ ያለው የአልጌ፣ የዳፍኒያና የዓሣ የአጭር ጊዜ ውጤት ብቻ ከሆነ፣ ከሦስቱ ዝቅተኛው ቁጥር ለ1,000 ይካፈላል። ለውሃ ፍጥረታት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚገመተው መጠን የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። 1 ሚሊግራም የነበረው 1 ማይክሮግራም ይሆናል ማለት ነው።

«ዳፍኒያ ካልተጎዳች ኬሚካሉ ለውሃው ደህና ነው»

ይህን ሻጮች ሲናገሩት ትሰማላችሁ። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለውን ፀረ ነፍሳት ተመልከቱ። ለዳፍኒያ ማግና የ48 ሰዓት ኢሲ50ው 85 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቀላል ዕቃ ነው ይላል። ነገር ግን ውሃ ውስጥ የሚያድጉ የአንዳንድ ነፍሳት እጮች በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ሲደርስባቸው ይጎዳሉ። ልዩነቱ በሺዎች እጥፍ ነው። ዳፍኒያ አልዋሸችም፤ የተጠየቀችው ስለ ራሷ ነው።

ፀረ አረምም እንደዚሁ ነው። አትራዚን ከዳፍኒያ ይልቅ አልጌን ይመታል፤ የተሠራው ዕፅዋት ምግባቸውን እንዳያዘጋጁ ለማድረግ ነውና። ለዚህ ሲባል ሦስቱ ፍተሻዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አልጌ 72 ሰዓት፣ ዳፍኒያ 48 ሰዓት፣ ዓሣ 96 ሰዓት።

ጊዜም አለ። ሁለት ቀን አጭር ነው። ኬሚካሉ ዳፍኒያዋን በ48 ሰዓት ላያቆማት ይችላል፤ ግን ልጅ እንዳትወልድ ሊያደርጋት ይችላል። ይህን የሚያየው ሌላ ፍተሻ ነው፤ መመሪያ ቁጥር 211 ይባላል። 21 ቀን ይፈጃል፤ የሚቆጠሩትም የተወለዱት ልጆች ናቸው። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ቦይ ለሚገባ ነገር ትክክለኛው ጥያቄ ይህኛው ነው።

«ለሰው ካልጎዳ ለውሃም አይጎዳም»

ፓይረትሮይድ የሚባሉት ፀረ ነፍሳት ቤት ውስጥ በሚረጩ ፍሊቶችና በአልጋ አጎበር ላይ ያሉት ለሰው ያላቸው መርዛማነት ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። ለዳፍኒያ ግን በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም፣ አንዳንዶቹ ከዚያም ያነሰ ይበቃቸዋል። በረኪናም ቤታችን አለ፤ ክሎሪኑ ግን ለዳፍኒያ ብርቱ መርዝ ነው። የፍሊት ጣሳ ወይም መርጫ ቦይ ዳር ማጠብ ቀላል ነገር የማይሆነው ለዚህ ነው።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ኦክስጅኑ ስለማይበቃ ፍተሻው እዚህ አይሠራም»

የዚህ ጥርጣሬ መነሻ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር አይርቅም። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በባሕር ወለል ላይ አየር የጠገበ ውሃ 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን በሊትር ይይዛል። እዚህ ያው ውሃ 7 አይሞላም። መመሪያው የሚጠይቀው ግን በፍተሻው መጨረሻ 3 ሚሊግራም በሊትርና ከዚያ በላይ እንዲኖር ነው። ንጹሕ ውሃ፣ ጥቂት ዳፍኒያ፣ ሁለት ቀን ብቻ፤ በቂ ነው።

ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። በፍተሻው ጊዜ ብርጭቆዎቹ ውስጥ አየር አይነፋም። ስለዚህ ኦክስጅን የሚበላ ናሙና ከመጣ እዚህ ያለው ትርፍ ከባሕር ዳርቻ ላብራቶሪ ያነሰ ነው፤ ቶሎ ወደ 3 ይወርዳል። የኦክስጅን መለኪያው ደግሞ ለዚህ ከፍታ ግፊት መስተካከል አለበት። በባሕር ወለል ግፊት የተስተካከለ መለኪያ እዚህ የውሸት ቁጥር ይሰጣል።

ከኦክስጅን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። መመሪያው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ በአንድ ፍተሻ ውስጥ ደግሞ ከ1 ዲግሪ በላይ ወዲህና ወዲያ ማለት አይፈቀድም። የክረምት ሌሊት ላይ ያልሞቀ ክፍል ይህን አይጠብቅም። ኢንኩቤተር ያስፈልጋል፤ ለኢንኩቤተሩም የማይቋረጥ መብራት። «መብራት ጠፍቶ ስለጨለመ ፍተሻው ተበላሸ» የሚሉ አሉ። ጨለማው በራሱ አያበላሽም። የሚመከረው 16 ሰዓት ብርሃንና 8 ሰዓት ጨለማ ነው፤ ሙሉ ጨለማም ይፈቀዳል። መብራቱ ሲጠፋ የሚያበላሸው የሙቀቱ መውረድ ነው።

«የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ ዳፍኒያም ከኩሬ ይጨለፋል»

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ክሎሪኑ ካልወጣለት ማነጻጸሪያው ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ይጎዳሉ። ከክሎሪን የጸዳ የቧንቧ ውሃ ይፈቀዳል። ቢሆንም ብዙ ላብራቶሪ የካልሲየም፣ የማግኒዚየም፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ጨዎችን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ የራሱን ውሃ ያዘጋጃል። ምክንያቱ ቅንጦት አይደለም። እንደ መዳብና ዚንክ ያሉ ብረቶች ብዙ ካልሲየምና ማግኒዚየም ባለበት ውሃ ውስጥ ጉልበታቸው ይቀንሳል። ውሃው ካልታወቀ ቁጥሩም ከሌላ ቦታ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም።

ከኩሬ የተጨለፈች ዳፍኒያ ዕድሜዋ አይታወቅም፣ በፊት ምን እንደደረሰባትም አይታወቅም። በላብራቶሪ ደህና ስትያዝ ዳፍኒያ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጆቿ በዘር እሷኑ ይመስላሉ። ሁኔታው ሲከፋባት፣ ሲጨናነቅ ወይም ምግብ ሲያንስ፣ ወንዶችና ደረቅ ዘመን የሚችሉ እንቁላሎች ይመጣሉ። እነዚህ ሲታዩ ያ እርባታ ለፍተሻ አይሆንም። እርባታው ጤናማ መሆኑ የሚረጋገጠው ደግሞ በየጊዜው ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ኬሚካል፣ በፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ በመፈተሽ ነው። በዚህ ኬሚካል የዳፍኒያ ማግና የ24 ሰዓት ኢሲ50 ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም በሊትር መካከል ይጠበቃል። ከዚያ ከወጣ ችግሩ ያለው ላብራቶሪው ውስጥ ነው።

«ምግብ ስለማይሰጣቸው የሚጥላቸው ረሃብ ነው»

በ48ቱ ሰዓት እንደማይመገቡ እውነት ነው። ማነጻጸሪያዎቹም አይመገቡም፤ ረሃብ ቢሆን ኖሮ እነሱም ይወድቁ ነበር። ከእነሱ ከ10 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ20ዎቹ ከ2 በላይ፣ መዋኘት ካቆሙ ፍተሻው ውድቅ ነው።

«ብርጭቆው ውስጥ ያለው የጨመርነው መጠን ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዱ ይተናል፣ አንዳንዱ በብርሃን ይፈርሳል፣ አንዳንዱ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በደንብ የማይሟሟም አለ። እንዲህ ሲሆን ዳፍኒያዎቹ ያገኙት ከጨመርነው ያነሰ ነው፤ ኬሚካሉም ከእውነቱ የዋህ መስሎ ይወጣል። መጠኑ ከታሰበው በ20 በመቶ ክልል ውስጥ ካልቆየ ስሌቱ በተለካው መጠን መሠራት አለበት። ሰነዱ ላይ «በተለካ መጠን» ወይስ «በታሰበ መጠን» እንደሚል ፈልጉ። ካልተጻፈ አቅራቢውን ጠይቁት፤ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

«ከቀበና ውሃ ቀድተን ዳፍኒያ ብንጨምርበት የትኛው ኬሚካል እንደሚገድል እናውቃለን»

ተማሪዎች ይህን ሲያስቡት ደስ ይለኛል፤ ፍላጎቱ ትክክል ነው። የሚያገኙት መልስ ግን የሌላ ጥያቄ ነው። የወንዙ ውሃ ፍሳሽ፣ ሳሙና፣ አሞኒያ፣ ብረትና ዘይት ተደባልቀው ያሉበት ነው። ዳፍኒያዎቹ ቢወድቁ ውሃው እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ማን እንደጎዳቸው አናውቅም። ኦክስጅን ማነስ ብቻውንም ሊጥላቸው ይችላል። ስለዚህ ኦክስጅኑና ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) መጀመሪያም መጨረሻም ይለካሉ። ናሙናው በንጹሕ ውሃ በተለያየ ደረጃ ይቀጠናል፤ ውጤቱም በሚሊግራም ሳይሆን በመቶኛ ይነገራል። 25 በመቶ የወንዝ ውሃ ግማሾቹን ከጣለ ኢሲ50ው 25 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ የኬሚስትሪ ምርመራው ይቀጥላል፤ ናሙናውንም ከላይ ከእንጦጦ ግርጌና ከታች ከከተማው መውጫ ለየብቻ መውሰድ ያስፈልጋል።