በሬሳ ወንዝ ዳር የሚታዩ አራዊትና አዕዋፍ

በሬሳ በደብረ ብርሃን ከተማ በኩል አልፎ ወደ ጀማ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ጀማ ደግሞ ውሃውን ለዐባይ ያቀብላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው በርኖሱን ወይም ጋቢውን ደርቦ ነው። በዳርቻው የሚኖሩት እንስሳትም ይህን ብርድ የለመዱ ናቸው።

ከከተማው ጫፍ ወዲያ ወንዙን ተከትለው የሚሄዱት መንገዶች ማንም አስቦ የሠራቸው አይደሉም። ከብት ወደ ውሃ ሲወርድ፣ ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ ረግጦ ያወጣቸው ናቸው። አካባቢውን በሩቁ ለሚያይ ጎልቶ የሚታየው ባህር ዛፉ ነው፤ ወፍ ፍለጋ የመጣ እንግዳም መጀመሪያ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ያስሳል። ሀብቱ ያለው ግን እግር ሥር ነው፦ ውሃ ባቆረው ጨፌ፣ በቀጠማው፣ በቀጋው ቁጥቋጦ ውስጥ። በእኔ እምነት በሬሳን በሬሳ ያደረገው ይህ ለምንም አይረባም ተብሎ የተተወው ረግረግ ነው።

ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ቆሞ ሲታይ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ምንቃሩ አጭርና ጥቁር፣ ብዙም ዐይን የማይስብ ወፍ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ስለሚያሳርፍ ከሩቅ ሣር ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ ይመስላል። ስሙን ያገኘበት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም ወለል ብሎ የሚወጣው ተነስቶ ሲበር ነው። ላባው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ውርጩ አይበግረውም። ውሃ ውስጥ ከመዋኘት ይልቅ ዳር ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ብዙ ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። በአገሩ የውሃ ወፍ አድኖ የሚበላ ሰው ስለሌለ ሰውን እምብዛም አይሸሽም፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ መንገደኛ በጣም ሊቀርበው ይችላል። ጎጆውን የሚሠራው ግን መሬት ላይ፣ በሣር ጉብታዎች መካከል ነው፤ ስለዚህ ውሻ አስከትሎ በጨፌው መሃል ማቋረጥ ትልቅ ጥፋት ነው።

ጋጋኖን ማንም ሳያየው ይሰማዋል። ከሚያድርበት ገደል ተነስቶ በመንጋ ሲመጣ ጩኸቱ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ረጅም ቆልማማ ምንቃር አለው፤ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሎበታል፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ነጭ ምልክት ይታያል። ከብት በተሰማራበት መስክ እበቱን በምንቃሩ እየፈለፈለ ትልና ጥንዚዛ ሲለቅም ይገኛል። ሴቶች ለኩበት እበት በሚሰበስቡበት መስክ ላይ ጋጋኖዎቹ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቡናማዋ የውሃ ዶሮም እንዲሁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ወፍ ናት። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ ብልጭ ድርግም እያደረገች በሣሩ መካከል ትሮጣለች።

ባህር ዛፉ ጫፍ ላይ ወይም እንጨት ላይ ተቀምጦ ወደ ታች የሚያፈጥጠው ገዴ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ የሸክላ ቀለም ያለው ጭልፊት ሲሆን፣ ነጭ ደረቱን ለመንገደኛ ካሳየ መንገዱ ይቀናል፣ ጀርባውን ከሰጠ አይቀናም የሚለው እምነት የቆየ ነው። ለገበሬው ግን በየትኛውም በኩል ቢዞር ጠቃሚ ነው፤ አይጥና ፍልፈል ይለቅምለታል። በጨፌው ላይ እዚህም እዚያም የሚታየው አዲስ የአፈር ክምር የፍልፈል ሥራ ነው፤ ገዴም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የመስቀል ወፍ ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ እንዳላት ሕዝቡ ይናገራል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ግን ብዙ ሰው ይጠይቃል። የትም አትሄድም። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች አንዱ በረግረጉ የሚኖረው ጥቁርና ቢጫው ነው። ወንዱ በክረምት ላባውን ቀይሮ ያጌጣል፣ ቢጫ ላባውን ነፍቶ እንደ ንብ እያንዣበበ ከቀጠማው በላይ ይበራል፤ ጎጆውም ረጅም ሣር ውስጥ ነው። በጋ ሲገባ ጌጡን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። በጥር ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ ገለባ ላይ ሲለቅም የሚያየው ሰው ያው የመስከረሙ ወፍ መሆኑን አያውቅም። በዚያው ወቅት ከአውሮፓ የመጡ፣ ጅራታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዙ ቢጫ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ዝንብ ያሳድዳሉ፤ በጸደይ ይመለሳሉ።

አጥቢ እንስሳት በቀን እምብዛም አይታዩም። ጅብ ሌሊት ወደ ከተማው ጥራጊ ሲመጣ ወንዙን ተከትሎ ነው፤ ጠዋት በጭቃው ላይ ዱካው ይገኛል። የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው ስለሚተልቅ ከውሻ ለመለየት አያስቸግርም። ጥንቸልና ቀበሮ የሚታዩት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጃርት የሚታወቀው ደግሞ ጥሎት በሚሄደው እሾህ ነው። ጭላዳን ለማየት ግን ውሃው ወደ ጀማ ገደል እስኪወርድ መከተል ያስፈልጋል። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ቀን ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ሌላ የቀረ የለም። ቀይ ቀበሮም ከበሬሳ ይልቅ የመንዝ ጓሳ ነዋሪ ነው፤ እዚያ ሕዝቡ ሣሩን ቄሮ በሚባለው፣ የጋራ መሬትን አጠቃቀም በሚወስን ባህላዊ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ ኖሯል።

በሬሳ እንዲህ ያለ ጠባቂ ሥርዓት የለውም። የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ፌስታል በቀጠማው ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ጨፌውን ማረስና ማጠንፈፍ ነው፤ ፍሳሽ ቢቀንስ ውሃው ይጠራል፣ የታረሰ ረግረግ ግን በቀላሉ አይመለስም። ከውሃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ስፋት ያለው ሣር ሳይታረስ በቀረበት ቦታ ሁሉ ዝዮቹ ዛሬም አሉ።