የእንጨት ዴክ ስለመቀባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአሜሪካ የብዙ ቤቶች የጓሮ ዴክ (ከቤቱ ውጭ የሚሠራ የጣውላ ወለል) የሚሠራው በግፊት መድኃኒት ከገባበት የፓይን (ጥድ መሰል ዛፍ) ጣውላ ነው።

«መድኃኒት ስላለው ቅብ አይፈልግም»
መዳብ ያለበት መድኃኒት የሚከላከለው ምስጥንና መበስበስን ነው። ጣውላው በዝናብና በፀሐይ ከመሰንጠቅና ከመገርጣት አይድንም።

«አዲስ ዴክ ዓመት ሳይሞላው አይቀባም»
ወሳኙ እርጥበቱ ነው። በተለያየ ቦታ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሰረገ ዝግጁ ነው። ውሃው ላይ ላዩን ከቆመ ጥቂት ሳምንታት ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ።

«በረኪናና ኃይለኛ ውሃ ከሁሉ የተሻለ ያጸዳሉ»
አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። በረኪና ሻጋታን ቢገድልም የቆየውን ቆሻሻ አያነሳም፤ የእንጨቱን ክሮች ይጎዳል፣ ምስማርና ብሎን ያዝጋል። ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት የዴክ ማጽጃ ይሻላል፦ ቀብታችሁ እንዳይደርቅ እየጠበቃችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩት፣ በጠንካራ ብሩሽ በጣውላው ርዝመት ፈትጉና እጠቡ። ቀጥሎ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማንጪያ የዝገትን ጥቁር ነጠብጣብ ያነሳል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ አሲዱ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

የውሃ ግፊት ማሽን ለፓይን ከ500 እስከ 600 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፤ 40 ዲግሪ የሚረጭ አፍ ግጠሙ፣ 30 ሴንቲሜትር ያህል ራቁ። ከዚያ ካለፈ እንጨቱ ጸጉር ያወጣል፣ መፋቅም ግድ ይሆናል። ስትፍቁ ከ60 እስከ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሙ፤ በጣም ከለሰለሰ ስቴይኑ (ወደ እንጨቱ የሚሰርገው ቅብ) በደንብ አይሰርግም። ከመቀባታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቀን ይለፍ።

«ደጋግሞ የተቀባ ብዙ ይቆያል»
ይህ ለግድግዳ ቀለም እንጂ ወደ እንጨቱ ለሚሰርግ የዘይት ስቴይን አይሠራም። ጣውላው ያልጠጣው ትርፍ ይጣበቃል፣ ያብለጨልጫል፣ በኋላም ይላጣል። ሁለት ሦስት ጣውላ ብቻ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስሱ ጨርሱ፤ መሃል ላይ ካቆማችሁ መጋጠሚያው ጠቁሮ ይታያል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። የተቆረጡት ጫፎች ግን ብዙ ስለሚጠጡ አጥግቧቸው። አንድ ጋሎን እንደ እንጨቱ ሻካራነት ከ150 እስከ 300 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል።

«የጠራራ ፀሐይ ቀን ይመረጣል»
በሞቀ ጣውላ ላይ ስቴይኑ ሳይሰርግ ይደርቃል። ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጥላ ያለበት ሰዓት ይሻላል። ለሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከጁላይ ቀትር የሴፕቴምበር ጠዋት ይመረጣል።

«ቀለም የሌለው ሲለር ይበቃል»
ሲለር (እንጨቱን ከውሃ የሚከላከል ቅብ) ውሃን ይመልሳል፤ ፀሐይን የሚመክተው ግን በዋናነት የቀለሙ ቅንጣት ነው። ቀለም አልባው በዓመት ገደማ መታደስ ይፈልጋል፣ እንጨቱን በከፊል የሚያሳየው ስቴይን ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። እንጨቱን ጨርሶ የሚሸፍነው ድፍን ስቴይን ለአጥር ጥሩ ነው፤ በሚረገጥ ወለል ላይ ግን ባይቀባ ይሻላል፣ ሲላጥ ማንሳቱ አድካሚ ነውና።

«የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጣላል»
እንደ ተልባ ዘይት ያለ፣ ሲደርቅ ሙቀት የሚያወጣ ዘይት የነካው ጨርቅ ከተጠቀለለ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ሲሚንቶ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ አለዚያ ውሃ የሞላበት የብረት ዕቃ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።