አረር የማይተፉት የጦርነት ዘመን መትረየሶች

ንዑስ መትረየስ የሚባለው የሽጉጥ ጥይት ጎርሶ እያከታተለ የሚተኩስ አጭር መሣሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኑ ኤም ፒ 40፣ የእንግሊዙ ስቴን፣ የአሜሪካው ቶምሰንና የሶቪየቱ ፔፔሻ 41 ስማቸው ገንኖ ነበር። ዛሬ የነዚህን መሣሪያዎች አምሳያ እየሠሩ የሚኖሩ ባለሙያዎች አሉ። አምሳያው መልኩም ክብደቱም ዋናውን ይመስላል፤ ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ቀለህ ያስፈነጥራል። አረር ግን አይወጣውም። የሚገዙት ሰብሳቢዎችና የዚያን ዘመን የደንብ ልብስ ለብሰው ታሪኩን ሜዳ ላይ የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ ብዙም ስላልተጻፈበት እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋናዎቹ

ከሁሉም ለአምሳያ ሠሪ የሚመቸው ስቴን ነው። መጀመሪያውኑ በጥድፊያና በርካሽ የተሠራ ነበርና። እንግሊዝ በ1940 በፈረንሳይ ጠረፍ ካለችው ከደንከርክ ስትወጣ ብዙ መሣሪያ ጥላ ነበር የወጣችው። ሼፐርድና ተርፒን የተባሉ ሁለት ሰዎች በኤንፊልድ ፋብሪካ ቱቦ፣ ሞላና የተጨፈለቀ ላሜራ አገጣጥመው አዲስ መሣሪያ አወጡ። ስሙም የሁለቱ ስም የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ኤስና ቲ፣ ከኤንፊልድ «ኤን» ጋር ተጣምረው የወጣ ነው፤ መጨረሻው እንግሊዝ ለማለት ነው የሚሉም አሉ። ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። የሚገርመው ሦስተኛውን ዓይነት፣ ማርክ 3ን፣ በብዛት ያመረተው ላይንስ ብራዘርስ የተባለ የልጆች መጫወቻ ፋብሪካ መሆኑ ነው። ላሜራ መጨፍለቅና መበየድ ያውቅበት ነበር። አሻንጉሊት ሠሪው እውነተኛውን ሠራ፤ ዛሬ ደግሞ ሌሎች የእሱን ሥራ መልሰው የማይገድል ያደርጉታል።

ኤም ፒ 40 ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። ብዙ ሰው «ሽማይሰር» ይለዋል። ስህተት ነው። መሣሪያው የኤርማ ፋብሪካና የሃይንሪሽ ፎልመር ሥራ ነው። ሁጎ ሽማይሰር የሚታወቀው በ1918ቱ ኤም ፒ 18 ነው። ቶምሰን ከጦርነቱ በፊት ለገበያ የቀረበ ውድ ዕቃ ነበር። ፔፔሻ ደግሞ 71 ጥይት በሚይዘው ክብ ካዝናው ይለያል።

እንዴት ይጮኻል?

በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ የባሩዱ ግፊት አረሩን ወደ ፊት፣ ከባዱን ብረት ወደ ኋላ ይገፋል። ብረቱ ሞላውን ጨቁኖ ሲመለስ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። አረር ከሌለ ግን ጋዙ በአፈሙዙ እንደ ልቡ ያመልጣል፤ ብረቱን የሚገፋ ኃይል ይጠፋል። ስለዚህ በፊልም መሣሪያዎች አፈሙዝ ውስጥ ጋዙን አፍኖ የሚይዝ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ውታፍ ይገባል።

ከመነሻው ለጩኸት ብቻ የተሠራው ሌላ ነው። አሁን በአውሮፓ ገበያ ያለውን በጀርመን ኩባንያ ስም የሚሸጠውን ኤም ፒ 40 ማየት ይበቃል። አካሉ በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው። የሚጎርሰው 9 ሚሊ ሜትር ፒ ኤ ኬ የተባለውን ለጩኸት ብቻ የተሠራ ጥይት እንጂ የጦርነቱን 9 ሚሊ ሜትር አይደለም። የሚተኩሰውም አንድ በአንድ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ተጣጣፊ ሰደፉ፣ ረጅሙ ካዝና፣ ሁሉም በቦታው ነው። ጠጋ ብለው በባትሪ አፈሙዙ ውስጥ ሲያዩ ግን መንገዱ ተዘግቶ ብረት ይታያል። በእኔ እምነት የባለሙያው ጥበብ የሚለካው እዚያች ጨለማ ቦታ ላይ ነው። ማንም ሊሰረስረውና ወደ እውነተኛ ሊቀይረው የማይችል ሥራ ጥሩ ሥራ ነው። መልክ ማሳመር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጃፓን

ይህን ጉዳይ እንደ ጃፓን አክብሮ የያዘ አገር የለም። በጃፓን ተራ ሰው ሽጉጥ መያዝ አይችልም። ስለዚህ መሣሪያ የሚወድ ሰው ፍቅሩን «ሞዴል ጋን» ላይ አሳረፈ። በ1960ዎቹ ኤም ጂ ሲ የተባለው ድርጅትና ተፎካካሪዎቹ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ዋናው የሚፈታና የሚገጠም አምሳያ ማውጣት ጀመሩ። ኤም ፒ 40 እና ቶምሰንም ከነዚያ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ሕግ መጣ። በመጋቢት 1970 የጃፓን አየር መንገድን አውሮፕላን የጠለፉት ወጣቶች ይዘውት ከነበረው ውስጥ አስመስለው የተሠሩ መሣሪያዎችም ነበሩበት። በ1971 የብረት ሽጉጥ አምሳያ ሁሉ አፈሙዙ እንዲደፈንና ነጭ ወይም ቢጫ እንዲቀባ ታዘዘ። አምራቾቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ ቢጫውን በወርቅማ ቀለም አሳመሩት። ንዑስ መትረየስ ከሽጉጥ ስለማይቆጠር ጥቁሩን እንደያዘ ቀረ። በ1977 ሕጉ እንደገና ጠበቀ። ወደ እውነተኛ መሣሪያ ሊቀየር የሚችል የብረት አምሳያ መሸጥ ተከለከለ፣ ለስላሳ ብረት ግዴታ ሆነ። አምራቾቹም በማኅበር ተደራጅተው መስፈርቱን ላሟላ ዕቃ «ሴፍቲ ሞዴል ጋን» የሚል ምልክት ያትሙ ጀመር። ይህ ሊመሰገን ይገባል። መንግሥትን ከማማረር ራሳቸውን መቆጣጠር መረጡ።

የጃፓኑ አምሳያ ባሩድ የሞላ ጥይት አይጎርስም። በሐሰተኛው ቀለህ ውስጥ ትንሽ የርችት ክኒን የምታህል ካፕ ትገባለች። ስትመታ ትጮኻለች፣ ቀለሁም ይፈናጠራል። ባለቤቱ ተጎንብሶ አንድ በአንድ ይለቅመዋል። ማታ ቀለሆቹን በሳሙና ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ይቀባቸዋል። ያቺ ጭስ ብረት ትበላለችና። ማሩሺን የተባለው አምራች የሠራው ኤም ፒ 40 ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ፕላስቲክ ኳስ የሚተፋው ኤርሶፍት ገበያውን ወስዶበታል።

አውሮፓና አሜሪካ

በአውሮፓ ነገሩ የከረረው በጥር 2015 ከደረሰው የፓሪስ ጥቃት በኋላ ነው። አጥቂዎቹ ከተጠቀሙባቸው ውስጥ በስሎቫኪያ ለጩኸት ብቻ ተብለው በነፃነት ይሸጡ የነበሩ፣ ኋላ ግን ተመልሰው እውነተኛ የተደረጉ መሣሪያዎች ነበሩ። እነዚያ ከእውነተኛ ጠመንጃ የተቀየሩ ነበሩ እንጂ ከመነሻው አምሳያ ሆነው የተሠሩ አልነበሩም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አምሳያ ሠሪዎችም ይህንን ደጋግመው ቢናገሩ አይፈረድባቸውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 የጦር መሣሪያ መመሪያውን አጠበቀ፤ በ2019 ደግሞ የጩኸት መሣሪያ ምን ዓይነት የቴክኒክ መስፈርት እንደሚያሟላ ወሰነ።

እንግሊዝ በ2006 ባወጣችው ሕግ እውነተኛ የሚመስል አምሳያ መሸጥ ከልክላለች። ለሙዚየም፣ ለቴአትር፣ ለፊልምና ለታሪክ ትዕይንት ግን በር ትታለች። በየካቲት 2025 ፖሊስ ከቱርክ የሚመጡ አንዳንድ የጩኸት ሽጉጦች በቀላሉ ይቀየራሉ ብሎ ሰዉ ያለ ክስ እንዲያስረክብ ጊዜ ሰጠ። በአሜሪካ ደግሞ ከ1986 ወዲህ ለሲቪል አዲስ አውቶማቲክ መሣሪያ ስለማይመዘገብ የዋናዎቹ ዋጋ ሰማይ ነክቷል።

ሜዳ ላይ

አረር የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። በ1984 ተዋናይ ጆን ኤሪክ ሄክሰም በቀረጻ ቦታ ላይ አረር የሌለው ጥይት የያዘ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ አድርጎ ተኩሶ ለሞት ተዳርጓል። የገደለው የፍንዳታው ግፊት ነው። ለዚህ ነው ደንቡን የሚያውቁ ቡድኖች አፈሙዝ ወደ ሰው የማያዞሩት፤ «ጠላት» ላይ ሲተኩሱ እንኳን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የዘመን ነው፤ በሚታየው ጊዜ ያልነበረ መሣሪያ መያዝ ስህተት ነው። የእኛ አገር ታሪክ ላይ ይህ ስህተት ቢደርስ ያንገበግበኛል። ቤሬታ 38 የተባለውን የጣሊያን ንዑስ መትረየስ ቀድመው ከታጠቁት አንዱ የጣሊያን አፍሪካ ፖሊስ ነው። ስለዚህ የወረራውን የመጨረሻ ዓመታት የሚያሳይ ሰው ያንን በጣሊያን ወገን ቢያሲዝ ልክ ነው። በ1941 ጃንሆይን አጅቦ ከገባው ከጌዴዎን ጦር ጋር የዘመተ የእንግሊዝ ወታደር ሆኖ ስቴን ቢይዝ ግን አይሆንም። የስቴን የመጀመሪያ ናሙና የተጠናቀቀው በጥር 1941 ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ግንቦት 5፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ያን ቀን ስቴን ገና ከእንግሊዝ አልወጣም ነበር።