የትምህርት ቤት ፕሮግራሞች የፋይዳ ግምገማ በጎጃም

የፋይዳ ግምገማ አንድ ትምህርት ቤት የጀመረው ፕሮግራም፣ የማጠናከሪያ ትምህርትም ይሁን ምገባ ወይም የሥነ ምግባር ክበብ፣ የተማሪዎቹን ውጤትና ጠባይ በእርግጥ ማሻሻሉን የማጣራት ሥራ ነው። ተማሪዎቹ መሻሻላቸውን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ባይኖር ኖሮ የት ይደርሱ እንደነበር መመርመር ያስፈልጋል።

የተማሪን እድገት መከታተል ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው የቅኔ ዓይነት፣ በጉባኤ ቃና፣ ጀምሮ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ወደሚባሉት ረዘም ያሉ የቅኔ ዓይነቶች ሲያድግ፣ የቆጠረውን (ራሱ ያዘጋጀውን) ቅኔ ለየኔታ እየነገረ ይታረማል፤ ማን እንደበሰለ፣ ማን ገና እንደሆነ መምህሩ ሰምተው ያውቃሉ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ በሚቀመጥበት፣ መምህሩም በየዓመቱ በሚለዋወጥበት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን ይህን የሚተካው በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የታወቀው ማዕቀፍ የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ሲሆን፣ መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን ይመለከታል። ትምህርት ቤቱ በእነዚህ ራሱን ይገመግማል፤ ኢንስፔክሽንም (ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመጣው የመንግሥት ቁጥጥር) ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይመድበዋል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱን እንጂ አንድ ፕሮግራም ያመጣውን ለውጥ ነጥለው የሚያሳዩ አይደሉም።

ውጤትን በመለካት ረገድ ዋናው አደጋ መለኪያው ራሱ መለዋወጡ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የማጠናከሪያ ትምህርት የጀመረ የደብረ ማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ውጤቱን ከቀደሙት ዓመታት ጋር ቢያነጻጽር፣ መምህራኑ ምንም ያህል ቢደክሙ ፕሮግራሙ የከሸፈ ይመስላል። ፍትሐዊው ንጽጽር በዚያው ዓመት ያንኑ ፈተና ከወሰዱ፣ ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ጋር ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ሮስተሩ፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት የሚሰፍርበት መዝገብ፣ ውስጥ ይገኛል። ለምሳሌ 60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል አማካይ ውጤት 50 ነው እንበል። አማካያቸው 30 የሆነ 12 ተማሪዎች ትምህርት ቢያቋርጡ፣ የቀሩት 48 ተማሪዎች አማካይ 55 ይሆናል። የማንም ውጤት ሳይጨምር ክፍሉ 5 ነጥብ ያደገ ይመስላል ማለት ነው። «ያቋረጠ» ተብለው ከስሌቱ የሚወጡት ልጆች ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ የታሰበላቸው ራሳቸው በመሆናቸው፣ እነርሱን ሳይቆጥር የሚቀርብ ሪፖርት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

የጠባይ ምዘና ከዚህም ይከብዳል። በሰርተፍኬት ላይ ለጠባይ የሚሰጠው «ኤ» ለአብዛኛው ተማሪ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለውጥን አያሳይም። የተሻለው በስም መጥሪያ ላይ መቅረትንና ማርፈድን፣ በዲሲፕሊን መዝገብ ደግሞ ፀብንና ኩረጃን መቁጠር ነው። እዚህም ላይ የገበሬውን ወቅት ማወቅ ግድ ይላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ሲታጨድና ሲወቃ የገጠር ልጆች ይቀራሉ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ ይመለሳሉ። በየካቲት የተጀመረ ፕሮግራም ከታኅሣሥ ጋር ቢነጻጸር ያልሠራውን እንደሠራ ይቆጠርለታል፤ የካቲት ከየካቲት ጋር መነጻጸር አለበት። በሌላ በኩል ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የሚመዘገበው ጥፋት ይበዛልና፣ የመዝገቡ መሙላት ብቻውን ጠባይ ተበላሸ አያሰኝም።

ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ፣ በአንድ ጉድኝት (በአንድነት በተደራጁ አጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ውስጥ ካሉ ትምህርት ቤቶች ቀድመው የሚጀምሩትን በዕጣ መለየት ለግምገማም ለፍትሕም ይረዳል። ወላጆች ዕጣን ያውቁታል፤ ተራ የሚጠብቁት ትምህርት ቤቶችም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት የጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ማስተማር አቁመዋል። ዓመታት አቋርጦ የተመለሰ ልጅ በወረቀት 5ኛ ክፍል ቢሆንም የሚያነበው ከዚያ በታች ሊሆን ስለሚችል፣ የድሮ ሮስተር መነሻ ሊሆነው አይችልም። ማንኛውም ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ልጅ አጠገብ አስቀምጦ አንድ አንቀጽ ማስነበብና ያነበበውን በስሙ ፊት መጻፍ ያስፈልጋል።