ፒኤች ሲቀንስ አሲዱ ለምን ይጨምራል?

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይምታታበታል። ቁጥሩ ወረደ፣ አሲዱ ግን ጨመረ። ምን ጉድ ነው?

ፒኤች በፈሳሽ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ብዛት ይነግረናል። እነሱ ሲበዙ ፈሳሹ አሲድ ይሆናል። መጠናቸው ግን በጣም ትንሽ ነው፤ በንጹህ ውሃ ውስጥ በሊትር 0.0000001 ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ብቻ። ይህን ሁሉ ዜሮ ማን ይጽፋል? በ1909 ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን መላ ዘየደ። 1 ከነጥቡ በኋላ ስንተኛ ቦታ ላይ ናት? ሰባተኛ። እንግዲያው ፒኤቹ 7 ነው። 0.001 ከሆነ ደግሞ 3። አዮኑ ሲበዛ ዜሮው ያንሳል፣ ፒኤቹም አብሮ ይወርዳል።

ሌላው ወጥመድ እርምጃው ነው። ከ7 ወደ 6 መውረድ ቀላል ይመስላል፤ አዮኑ ግን 10 እጥፍ ሆኗል። 5 ሲደርስ 100 እጥፍ። ደማችን ከ7.35 እስከ 7.45 ካለችው ጠባብ ክልል ሲወጣ ሐኪሞች የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ሴል ውስጥም ሁሉ ቦታ አንድ አይደለም። ሴሉን የሚሞላው ፈሳሽ፣ ሳይቶፕላዝሙ፣ 7.2 ገደማ ነው፤ ያረጀውን የሴል ክፍል የሚፈጨው ላይሶሶም ግን 5 አካባቢ። የላይሶሶም ኢንዛይሞች (መፍጨቱን የሚሠሩት ፕሮቲኖች) የለመዱት ኮምጣጣውን ነው። ጥቂቶቹ ቢያፈተልኩ እንኳ ውጭው ስለማይስማማቸው አቅማቸው ይዳከማል፤ ሴሉም ራሱን ከመፍጨት ይተርፋል።